ቤዛ አፏን የፈታችበት

ቡታጅራ፣ መጋቢት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ይታገሱ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የመንገድ ሥራው ካምፕ ኑሮና የግሬደሩ አቧራ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ይዟት ከመሰንበቱ በቀር ደህና ናት። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ለፋሲካ የሚሰፋ ልብስ በዝቶብኝ ከስፌት መኪናው ቀና ያልኩበት ቀን የለም።

አዎ፣ ልጅህ አፏን ፈትታለች። ሁለት ዓመት ከሞላት ወዲህ በየቀኑ አዲስ ነገር ታመጣለች። የራሷን ስም ግን ገና አልቻለችውም፤ «ዜዛ» ነው የምትለው። እኔን «ቲሲ» ትለኛለች። ውሻውንም፣ ፍየሉንም፣ የጎረቤታችንን የሀሊሜን በሬም «ውው» ትል ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ፍየሉን ለየችው። «ውሃ» ትላለች፣ «እንሂድ» ትላለች፣ «እምቢ» ትላለች። ከሁሉ አጥርታ የምትናገረው «እምቢ»ን ነው፤ በዚህስ እናቷን ነው የወጣችው።

ከቃላቷ የሚበዙት ግን የእማዬ ናቸው፣ የክስታኒኛ። ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከእሷ ጋር ስለሆነ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ስሰፋ ከጓሮ የሁለቱ ወሬ ይሰማኛል። እማዬ ትጠይቃታለች፤ ልጅቷ ሰው የማይገባው ነገር ትመልሳለች፤ እማዬ ደግሞ ሁሉም እንደገባው ሰው «ነው እንዴ? ከዚያስ?» ትላታለች። ልጅቷ ትቀጥላለች። እንዲህ ሲባባሉ ያረፍዳሉ።

ስለ ሌላው ለጠየቅኸኝ፣ ስለ እናቷ ገና አትጠይቅም። አበባ እሷን ስትወልድ ማለፏን የምትሰማበት ጊዜ ሲደርስ አብረን እንነግራታለን። የእህቴን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አላወረድኩም።

የላክኸው ጫማ ሰፍቷታል፤ ታድግበታለች።

እህትህ ትርሲት ገሠሠ


ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትርሲት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ለእማማ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ደብዳቤሽን ለካምፑ ሰው ሁሉ አነበብኩት። «ዜዛ» የምትለዋን አሁን ኦፕሬተሮቹ ሁሉ ያውቋታል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እባክሽ ቅር አትሰኚ። ከእንግዲህ ከቤዛ ጋር በአማርኛ ብቻ ይወራ። አንቺም፣ እማማም። ቋንቋችሁን ንቄ እንዳይመስልሽ፤ የእኔንም የቸሃውን እንዲሁ ነው የምለው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እኔ እምድብር ትምህርት ቤት ስገባ ከእናቴ ከአዶት አፍ ከሰማሁት በቀር ሌላ ቋንቋ አላውቅም ነበር። መምህሩ ሲናገሩ የከንፈራቸውን መንቀሳቀስ ነበር የማየው። አንድ ቀን ሽንቴ መጣ። ለመውጣት የሚባለውን ቃል አላውቀውም። እጄን አወጣሁ፤ መምህሩ ጥያቄ ልመልስ መስሏቸው አስነሡኝ። ቆሜ ምን ልበል? እዚያው ቆሜ ለቀቅኩት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ቤት ስገባ ለአዶት ምንም አልነገርኳትም፤ ብነግራትስ ምን ታደርግልኛለች?

ልጄ ይህን እንድታይ አልፈልግም። ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ መንገዱም፣ ቢሮውም፣ ደመወዙም በአማርኛ ነው። የእናንተ ክስታኒኛ፣ የጎረቤቶቻችሁ ስልጢኛ፣ ከላዩ ላይ አማርኛ ሲጨመርበት በዚህ ሁሉ መሀል ሕፃን ልጅ ምኑን ይይዛል? እማማን በትሕትና ለምኚልኝ። ለልጅ ልጃቸው ብለው ያደርጉታል።

ወንድምሽ ይታገሱ


ቡታጅራ፣ ኅዳር 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ይታገሱ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ ዝም ማለቴ በንቀት አይደለም። ለመስቀል አለመምጣትህን እማዬ ብዙ ጊዜ አነሣች። ሥራ ነው ብያታለሁ።

ያልኸውን ለእማዬ ነግሬያታለሁ፤ በደስታ ተቀብላለች። በቤታችን ከልጅቷ ጋር የሚወራው አማርኛ ብቻ ነው። በዚህ አታስብ።

ቤዛ ጤነኛ ናት። ትበላለች። ቁመቷ ጨምሯል፤ ጫማው አሁን ልኳ ሆኗል። የፊት ጥርሶቿ ያምራሉ። ከሀሊሜ ልጅ ከሳቢሪን ጋር ሲጫወቱ ይውላሉ። የቤቱን ጣራ አስጠግነናል፤ ዘንድሮ ዝናቡ ከባድ ነበር። በርበሬ ተወዷል። ስለ አነጋገሯ ለጠየቅኸኝ ጥያቄ እንግዲህ ልጅ ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል ይላሉ ትልልቆቹ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። እማዬ ሰላም ብላሃለች።

ትርሲት


ወልቂጤ፣ የካቲት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለትርሲት፣

ጤና ይስጥልኝ።

ሸምሶን ታውቂዋለሽ፤ ከቡታጅራ በርበሬ ጭኖ በአዲስ አበባ በኩል እዚህ ድረስ የሚመጣው የአይሱዙ ሾፌር። ባለፈው ቅዳሜ ሻይ ጋብዤው ስለ ልጄ ጠየቅሁት። ወሬ ሲያዞርብኝ ግራ ገባኝ። በመጨረሻ «ይታገሱ፣ ልጅህ ቆንጆ ናት፤ ከረሜላ ሰጠኋት፣ ሳቀችልኝ። ግን ድምጿን አልሰማሁም። የሰፈሩ ሰው ዲዳ ናት ይላል» አለኝ።

ሰው የሚያውቀውን እኔ አባቷ ከሾፌር ልስማ? ጥርስና ጫማ ስትጽፊልኝ የከረምሽው ለዚህ ነበር? ልጅቷ ሦስት ዓመት ሞላት። አምና «እምቢ» ትላለች ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ ዘንድሮ «እምቢ»ውስ የት ሄደ?

ሌሊት ስለ እሷ ሳስብ የማይመጣብኝ ነገር የለም። ትሰማለች ወይ? ስሟ ሲጠራ ትዞራለች ወይ? እውነቱን ብቻ ጻፊልኝ። ካስፈለገ ፈቃድ ጠይቄ አዲስ አበባ ሐኪም አሳያታለሁ።

ይታገሱ


ቡታጅራ፣ መጋቢት 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ይታገሱ፣

ብትቆጣ እውነት አለህ። ደብዳቤህን አንብቤ ሦስት ቀን ሳልመልስ የቆየሁት ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሆነ ነገር ሆነ፤ እሱን አጣርቼ ልጻፍልህ ብዬ ዘገየሁ።

መጀመሪያ ጆሮዋ ደህና ነው። ጤና ጣቢያ ወስጃት አይተውላታል። እኔም ቤት ውስጥ ከኋላዋ ሆኜ የከረሜላ ልጣጭ አንኮሻኩሼ ሞከርኳት፤ እንደ ድመት ነው የዞረችው።

ግን ሸምሶ አልዋሸህም። በቤታችን ውስጥ መናገር ትታ ነበር። የነበሯት ቃላት አንድ በአንድ ጠፉ፤ የምትፈልገውን በጣቷ ታሳየናለች፣ ካልገባን ታለቅሳለች። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ስም አጥፊ አታድርገኝ። የእማዬን አማርኛ ታውቀዋለህ። የገበያ አማርኛ ነው፤ «ስንት ነው፣ ቀንስልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው። ለልጅ የሚወራ አማርኛ የላትም። አንተ ያልኸውን ስነግራት «እሺ፣ አባቷ ካለ» አለችና ዝም አለች። ታበላታለች፣ ታጥባታለች፣ ታዝላታለች። አታወራትም። እኔ ደግሞ አማርኛው አለኝ፣ ጊዜው የለኝም፤ ቀኑን ሙሉ ፊቴ ወደ መርፌው ነው። ልጅቷ እንግዲህ ከማን ትስማ?

የሆነው ነገር ይህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ክር ልዋስ ሀሊሜ ግቢ ገባሁ። ከቤቱ ጀርባ አንዲት ልጅ ሳቢሪንን እንደ ትልቅ ሰው ስትቆጣ እሰማለሁ። አሻንጉሊቷን ወስዳባት ነው። በስልጢኛ ነው የምትቆጣው። ዞሬ ባይ ቤዛ ናት! እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። እኔን ስታይ አፏን ዘጋች።

«ሀሊሜ፣ ይህቺ ልጅ ታወራለች እንዴ?» አልኳት።

«ወላሂ፣ አፏ መች ያርፍና! ባለፈው አብዶን ለምን ጫማህን ውጪ ታወልቃለህ ብላ ስትመረምረው ነበር» አለችኝ። አብዶ ባሏ ነው። «ምነው፣ እናንተ ቤት አታወራም?»

ክሩንም ረስቼ ቤት ገባሁ። እማዬ ቆጮ እየከተፈች ነበር። የሰማሁትን ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔን ነው እንጂ ሌላውን አልተወችም» አለች።

«አንቺም ትተሻት ነው» አልኳት። ይህን ስላልኳት ዛሬም ይቆጨኛል። «ከዛሬ ጀምሮ በራስሽ ቋንቋ አውሪያት።»

«አባቷ አይሆንም ብሏል።»

«አባቷ ወልቂጤ ነው። ልጅቷ እዚህ ናት።»

ቤዛ ስትገባ እማዬ ስሟን ጠርታ በክስታኒኛ «የት ዋልሽ?» አለቻት። ሌላ ምንም አይደለም፣ የት ዋልሽ ብቻ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየቻት። ከዚያ ጭኗ ላይ ወጥታ የእማዬን አፍ በእጇ ነካካችው፤ ተበላሽቶ የነበረ ነገር ተሠርቶ ሲያገኙት እንደሚነካኩት። መልስ አልሰጠችም። በማግሥቱ ግን መለሰች፤ ከዚያ ወዲያ አላቆመችም።

እንግዲህ ትእዛዝህን አፍርሻለሁ። የማን ጥፋት ነው የሚለውን ግን እባክህ አትጻፍልኝ።

ትርሲት


ወልቂጤ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትርሲት፣

ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

ለመስቀል ስመጣ መንገዱን ሙሉ ልጄ ምን ትለኛለች እያልኩ ነበር የመጣሁት። ስትሮጥ መጥታ «አሰላሙ አለይኩም» ስትለኝ ሁላችሁም ሳቃችሁ፤ እኔም ልስቅ ይገባኝ ነበር። ከዚያ በአማርኛ ስጠይቃት ፊቷን ወደ እማማ አዞረች። እማማ በክስታኒኛ ነገሯት፤ እሷ ለእማማ መለሰች፤ እማማ በዚያች በተሰባበረች አማርኛቸው ነገሩኝ። ከገዛ ልጄ ጋር በአስተርጓሚ! ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። «ልጄን ባዕድ አደረጋችሁብኝ» ያልኩትን፣ ክትፎው ሳይቀርብ ተነሥቼ መሄዴን፣ አሮጊት ሴት ላይ በመስቀል ቀን ድምፄን ማንሣቴን መንገድ ላይ ሆኜ ሳስበው ከመኪናው ወርጄ ልመለስ ነበር። አልተመለስኩም። እማማ ይቅር እንዲሉኝ አንቺ ለምኚልኝ፤ እኔ ራሴ መጥቼ እግራቸው ላይ እስክወድቅ።

ሌላም ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የመጣሁት ልነግራችሁም ነበር፤ በነበረው ሁኔታ አፌ አልከፈትልኝ አለ። ስንዱ ከምትባል ሴት ጋር ተዋውቄያለሁ። እዚህ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን። ከአበባ በኋላ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለ ቤዛ ነግሬያታለሁ። «ከሦስት ቋንቋ የትኛውን ትያዝ ብዬ ነው የተጨነቅኩት» ስላት ምን አለችኝ መሰለሽ፦ «ልጅ ቋንቋ ሲበዛበት አይጠፋበትም፤ የሚጠፋበት የሚያወራው ሰው ሲያጣ ነው። እኔ ጋ በሁለት አፍ የሚመጡ ስንት ልጆች አሉ፤ ትንሽ ያደባልቁና ያጠሩታል።» አልወደድኩላትም፤ ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ግን ሳስበው አንቺም የጻፍሽልኝ ይህንኑ ነበር።

ቤዛ ለአንደኛ ክፍል ስትደርስ ወደ እኔ እንድትመጣ አስቤያለሁ። እስከዚያ ከእናንተ ጋር ትሁን።

ይታገሱ


ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ይታገሱ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እንኳን ደስ ያለህ። ስንዱንም እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ። አበባም ብትሆን ብቻህን እንድትቀር አትወድም ነበር። ይህን አንድ ጊዜ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት፤ ግን የተጻፈው እውነት ነው።

ይቅርታህን ለእማዬ ነግሬያታለሁ። «ይሁን» አለች።

ቤዛ እንዴት እንደሆነች ልንገርህ፤ አማርኛውም መጣላትና አሁን በሦስት በኩል ነው የምታወራው። የሚገርመኝ አለመሳሳቷ ነው። ለእማዬ በክስታኒኛ፣ በአጥሩ ለሳቢሪን በስልጢኛ፣ ልብስ ለማሰፋት ለመጣ ሰው ደግሞ በአማርኛ። ሰው ገና ከበር ሲገባ ፊቱን አይታ ነው የምትመርጥለት። አንዳንዴ ትስታለች፤ ባለፈው ለቄሱ «አሰላሙ አለይኩም» ብትላቸው እሳቸውም «ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ» ብለው አለፉ። አማርኛዋን የምታገኘው ከእኔ ነው፤ ልብስ ከሚያሰፋው ሰው ጋር ከማወራው ጭምር። ስለዚህ አማርኛዋ «ወገቡ ይጥበብልኝ፣ እጅጌው ይርዘም» የሚል ነው። ጥያቄዋ ደግሞ ማለቂያ የለውም። «ለምን ክሩ ያልቃል? ለምን ያለቀው አይመለስም?»

ማታ ማታ እማዬ እንቆቅልሽ ትጠይቃታለች። ካልመለሰች አገር መስጠት አለባት። ቡታጅራን ሰጥታ ጨረሰች፣ ጥያን ሰጠች፤ አንድ ቀን «ወልቂጤን ስጪኝ» ብትላት «ወልቂጤ የአባዬ ነው፣ አልሰጥም» አለች።

ይህን የጻፍኩልህ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።

ትርሲት


ወልቂጤ፣ ሰኔ 18 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትርሲት፣

እንደምን ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን። ከካምፕ ወጥቼ አሁን ከስንዱ ጋር በገበያው አጠገብ ቤት ተከራይተናል። አልጋ አሠርተናል፤ የቤዛ አልጋ ነው።

ባለፈው ስመጣ የነገርኩሽን አልቀየርኩም። መስከረም ላይ መጥቼ እወስዳታለሁ። አንቺ «አንድ ዓመት ትቆይ» ያልሽው ገብቶኛል። ግን ትርሲት፣ ዘንድሮ ካልመጣች ሌላም ዓመት፣ ሌላም ዓመት ይሆናል። እኔ ለእሷ በዓመት ሁለት ጊዜ ጫማ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ነኝ። ክረምት ሲሆን ወደ እናንተ ትመጣለች፤ ይህን በእግዚአብሔር ስም ቃል ገብቼልሻለሁ።

ስንዱ የምትጠይቅሽ አለ። ፊደል ምን ያህል ደርሳለች? መጽሐፍ ነክታ ታውቃለች? ስትጽፍ በየትኛው እጇ ነው? የሚያስፈራት ነገር አለ? ያወቅሽውን ሁሉ ጻፊላት።

ይታገሱ


ቡታጅራ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ይታገሱ፣ ለስንዱም፣

እንደምን አላችሁ? ስንዱ የጠየቀችውን እመልሳለሁ።

በቄስ ትምህርት ቤት ዓመት ተምራለች። ሀሁን ከላይ እስከ ታች እንደ ዘፈን ትወርደዋለች፤ ጭራሽ አትሳሳትም። ግን አትታለሉ። መጀመሪያ ጊዜ ከመሀል «ሙ»ን ብጠቁማት አላወቀችውም፤ ከ«ሀ» ተነሥታ እየዘፈነች እስክትደርስበት መጠበቅ ነበረብኝ። የምታውቀው ዜማውን ነበር እንጂ ፊደሉን አልነበረም። ማንበብ የጀመረችው በሌላ በኩል ነው። የክር ማሸጊያው ላይ፣ የዱቄት ጆንያው ላይ፣ የአውቶቡሱ ግንባር ላይ ያለውን «ምን ይላል?» እያለች አሰለቸችኝ። አንድ ቀን የዘይቱን ቆርቆሮ ይዛ «የዚህ መጀመሪያ የስሜ ነው» አለችኝ፤ እውነትም «ቤ» ነበር። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑን ተወችው። አሁን ከየትም ብትጠቁሟት ታውቃለች።

ስትጽፍ ፊደሉን ሁሉ በግዕዙ ነው የምትጽፈው፤ «ቤዛ»ን «በዘ»፣ እኔን «ተረሰተ»። የሚቀጠለውን እግርና ቀለበት ገና አላመነችበትም። ጻፈች በሉ እንጂ ተሳሳተች እንዳትሏት። እኔ «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» እላታለሁ፤ ታነብልኛለች፤ ያነበበችው ሁልጊዜ ትክክል ነው። በግራ እጇ ነው የምትጽፈው። ቄሱ ወደ ቀኝ ሊያዞሯት ሞክረው ተዉት።

የሚያስፈራት ነገር አዲስ ሰው ነው። አዲስ ቦታ ስትገባ ዝም ትላለች። ይህን ዝምታ ታውቁታላችሁ። እባካችሁ «ተናገሪ» አትበሏት፤ ለእንግዳም «ቤዛ ሰላም በይ» እያላችሁ አታቁሟት። አጠገቧ ሆናችሁ ሥራችሁን እየሠራችሁ አውሩ፤ ጆሮዋ ሥራ ላይ ነው።

ስለ እናቷ ነግሬያታለሁ። አብረን እንነግራታለን ብዬህ ነበር፤ ግን የጠየቀችኝ በድንገት ነው፣ ልዋሽ አልቻልኩም። ፎቶግራፉን አውርጄ ከልብሷ ጋር አድርጌላታለሁ።

እማዬ ለመንገዷ ቂቤና ጭኮ አዘጋጅታለች።

ትርሲት


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትርሲት፣

ሁለት ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሳልመልስ ቀረሁ። አሁን ዝምታው የእኔ ሆነ። ልነግርሽ የምችለው ጥሩ ነገር አልነበረኝም።

ቤዛ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽ አልተናገረችም። ቤትም፣ ትምህርት ቤትም። ስትታዘዝ ትታዘዛለች፣ ትበላለች፣ የተሰጣትን ትጽፋለች። ድምፅ ግን የለም። አስተማሪዋ አስጠርተውኝ «ልጅዎ መናገር ትችላለች?» አሉኝ። ዘንድሮ ቤት ትቆይ፣ ከዓመት በኋላ እንያት ነው ሐሳባቸው። ያን ቀን ወደ እናንተ ልመልሳት ልብሷን አስሬ ነበር። ስንዱ ናት እጄን የያዘችው። «ትርሲት የጻፈችውን አላነበብክም?» አለችኝ። እሷማ ከመጀመሪያው ቀን እንዳልሽው ነው የያዘቻት። ሽንኩርት ስትልጥም ታወራታለች፣ ልብስ ስታጥብም ታወራታለች፤ መልስ አትጠብቅም። እኔ ግን በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር «ቤዛ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ?» እያልኩ አፈጥባት ነበር።

በኅዳር አጋማሽ አዶት ከእምድብር ቆጮ ይዛልን መጣች። አማርኛ አታውቅም፤ እንደ ገባች ለልጅቷ በቸሃ ማውራት ጀመረች። ቤዛ ቀና አለች። ቸሃውና ክስታኒኛው አንድ አይደለም፤ ግን ዘመድ ነው፣ አንዳንዱ ቃል ሲገናኝ ልጅቷ ዐይኗ ይበራል። አዶት የገባት መሰለኝ፤ ማንኪያውን አነሣችና «እናንተ አገር ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አለቻት። ቤዛ ነገረቻት። ትርሲት፣ ተናገረች! አዶት ምጣዱን አነሣች፣ የተቀመጡበትን ጅባ፣ ጆሮዋን፣ አፍንጫዋን አሳየቻት። የተመሳሰለ ጊዜ ሁለቱም ይስቃሉ፤ የተለያየ ጊዜ የበለጠ ይስቃሉ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አዶት «ና እንጂ፣ ምን ትቆማለህ?» አለችኝ፤ እኔም በቸሃ መለስኩላት። ምን እንዳልኩ እንኳ አላስታውስም፤ «ጫማዬን ላውልቅ» ይሆናል። ቤዛ ዞራ አየችኝ።

«አባዬ፣ አንተም ማውራት ትችላለህ?» አለችኝ፣ በአማርኛ።

ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው እኮ፤ ስንት ቃል ተናግሬያት ይሆን? ለእሷ ግን ያ ሁሉ ጥያቄ እንጂ ወሬ አልነበረም። ውጪ ወጥቼ ትንሽ ቆየሁ።

አሁን ማታ ማታ አዶት ተረት ታወራለች፤ እኔ በፊደል እጽፈዋለሁ፤ ቤዛ ታነበዋለች። ለአንዳንዱ የቸሃ ድምፅ ፊደል አጣን፤ ቤዛ ከፊደሉ ላይ ቀንድ አበጀችለት፣ አሁን ሁላችንም በቀንዱ እናነባለን። እኔ የአዶትን ቋንቋ ስጽፍ ይህ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ባለፈው ሳምንት እንዲህ ሆነ አሉ። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ሲያነብ ተሳሳተ። ከኋላ በኩል ማንም የማያውቀው ድምፅ «እሱ ‹ጨ› አይደለም፣ ‹ጠ› ነው» አለ። ክፍሉ ሁሉ ዞረ። አስተማሪዋም እስኪገባቸው ቆዩ። ቤት ትቆይ የሚለው ነገር ቀርቷል።

ቤዛ የጻፈችው ከዚህ ጋር አለ። ለማን እንደሆነ እዩት። እኔ አላረምኩትም።

ወንድምሽ ይታገሱ


ቡታጅራ፣ ጥር 6 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ይታገሱ፣

ለጤናህ፣ ለስንዱ፣ ለእናትህም ለአዶት እንደምን አላችሁ? ለጥምቀት በሰላም ያድርሰን።

የቤዛን ወረቀት ስከፍተው በአማርኛ መስሎኝ አንድ መስመር ገፋሁና ምንም አልገባ አለኝ። ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ቃሉ አልመጣልኝም። ከዚያ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። በክስታኒኛ ነው የጻፈችው፣ ለእማዬ።

እማዬን አስቀመጥኳት። ዕድሜዋን ሙሉ ደብዳቤ ሲመጣ ለእሷ እኔ ወይም አበባ ነበርን የምናነብላት፤ በአማርኛ እናነባለን፣ ከዚያ ደግሞ ገልብጠን እንነግራታለን። ዛሬም እንደ ልማዷ እስክነግራት ልትጠብቅ እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች። እኔ እንዳለ አነበብኩት። ትምህርት ቤት መግባቷን፣ አልጋዋ ከመስኮቱ ሥር መሆኑን፣ የወልቂጤዋ አያቷ የማንኪያን ስም እንደማታውቅ። በመሀል እማዬ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«ቆይ። ወረቀቱ ነው እንዲህ የሚለው ወይስ አንቺ ነሽ?»

«ወረቀቱ ነው።»

«በእኛ አፍ?»

«በእኛ አፍ።»

ወስዳ አገላብጣ አየችው። አታነብም፤ ግን አየችው። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝና «ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለችኝ። ቤዛ በመጨረሻ «ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ብላለች። እዚያ ስደርስ እማዬ ለወረቀቱ መልስ መስጠት ጀመረች። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ሳቢሪን፣ ዶሮዋ ስንት እንደጣለች። ልጅቷ ፊቷ የተቀመጠች ይመስል እየጠየቀች፣ ለመልሱ ትንሽ ዝም እያለች፣ እንደገና እየቀጠለች።

አንተን ደግሞ «ለመስቀል ይምጣ፤ ክትፎው ሳይቀርብ እንዳይነሣ» ብላሃለች። ይህን በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ አንተ እንዲገባህ ብላ።

የእሷን መልስ በክስታኒኛ ልጽፍላት ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። አሁንም እያወራች ነው፤ ስለዚህ የአንተን እዚህ ላይ ላቁምና የእሷን ልጀምር።

እህትህ ትርሲት